ከካርቶኑ በላይ የተጻፈው

በእሳትና ድንገተኛ አደጋ ጣቢያው ውስጥ አንድም ቀን ቱቦ ሳትጨብጥ፣ መሰላል ሳትወጣ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሠራች ሴት አለች። ሥራዋ ወረቀት ነው። ሠራተኞቹ ከአደጋ ሲመለሱ ጥቀርሻ የነካውን፣ አንዳንዴም ውሃ የጠጣውን ቅጽ ጠረጴዛዋ ላይ ጥለው ሻይ ፍለጋ ይሄዳሉ። እሷ በኮምፒዩተር ትገለብጠዋለች፣ ቁጥር ትሰጠዋለች፣ ታስፈርመዋለች፣ ታስቀምጠዋለች። ቢሮዋ ከመኪኖቹ መቆሚያ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ መስኮት፣ ሁለት ቁልፍ ያለው የብረት ቁም ሣጥን፣ ሲሠራ የሚያቃስት ፎቶ ኮፒ ማሽንና ለባለጉዳይ የተቀመጠ አንድ ወንበር አላት። ወንበሩ አንድ እግሩ ስለሚወላገድ ባለጉዳይ ብዙ አይቆይበትም። አስጠግኚው ቢሏትም አላስጠገነችውም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሆን ብላ ነው።

የጣቢያው ሰው እትዬ ሰረዝ ይላታል። ስያሜውን ያወጣው የአንደኛው ፈረቃ አለቃ ነው፤ እሱም በቁመቱና በቅጥነቱ የተነሣ ቱቦ የሚባል ሰው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ከእጇ የሚወጣ ወረቀት ሁሉ በጥቁር ብዕር የተሰረዘበት ነው። አንድ ጊዜ ቱቦ ከእሷ ቢሮ የወጣ ቅጂ አንሥቶ ለጓደኞቹ እያሳየ፣ "ይሄ ሪፖርት ነው የሜዳ አህያ?" አለ። ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላ ያልተሰረዘ አንድ ቃል አገኘችና እሱንም ሰረዘችው።

ቅጹ ለሁለት የተከፈለ ነው። የላይኛው ግማሽ የእሳቱ ነው፦ መቼ ተደወለ፣ የት ነው፣ ምን ተቃጠለ፣ መንስኤው ምንድን ነው፣ ስንት መኪና ወጣ። የታችኛው ግማሽ የሰው ነው፦ ማን ተጎዳ፣ ምን ሆኖ ተገኘ፣ ከዚህ በፊት ምን ሕመም ነበረበት፣ ምን ተደረገለት፣ የት ሆስፒታል ተወሰደ። ደንቡ አጭር ነው። ንብረቱ የተቃጠለበት ሰው በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ የላይኛውን ግማሽ ቅጂ የማግኘት መብት አለው። የታችኛውን ግን ከታካሚው ከራሱና ከፍርድ ቤት በቀር ማንም አያየውም።

ለዚህ ሥራ ብላ ከጓንት ማሸጊያ የቆረጠቻት አንዲት ካርቶን አለቻት። ቅጂ ስታነሣ ካርቶኗን በቅጹ የታችኛው ግማሽ ላይ ትደርባታለች። ከዚያ በላይኛው ግማሽ አምልጦ የገባ ስም ካለ ትሰርዘዋለች። የተሰረዘውን ቅጂ ደግሞ መልሳ በማሽኑ ታነሣዋለች፤ አንዳንድ ሰው ወረቀቱን ወደ ብርሃን ይዞ ከቀለሙ ሥር ያለውን ለማንበብ እንደሚሞክር ታውቃለች። ታውቃለች ያልኩት በግምት አይደለም። አንድ ባለጉዳይ እዚያው መስኮቷ ላይ ለጥፎ ሲሞክር ቆማ አይታዋለች።

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እህትየዋ ወሬ ነፍሷ ነው፤ የሰፈሩን ጉዳይ ከባለቤቶቹ ቀድማ የምትሰማ ሴት ናት። እንዲህ ያለ ሰው የእሳት አደጋ መዝገብ የምትይዝ እህት ቤቱ ተቀምጣለት ምንም አለማግኘቱ ትልቅ ሥቃይ ነው።

"ያ ሁሉ ሳይረን ዛሬ የት ነበር?"

"እሳት ነበር።"

"የማን ቤት?"

"ጠፍቷል።"

"የማን ቤት ነው ያልኩሽ።"

"ሰምቻለሁ።"

እህትየዋ አንድ ቀን ቆሽቷ አርሮ፣ "ካንቺስ ሬዲዮኑ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ሲከፍቱት ያወራል" አለቻት። እትዬ ሰረዝ ተነሥታ ሬዲዮኑን ከፈተችላት።

እንዲህ ሆና አልተፈጠረችም። ሥራ በጀመረች በሁለተኛ ዓመቷ የሆነ ነገር ነው እንዲህ ያደረጋት። አንድ ፎቅ ቤት ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የመታጠቢያ ቤት ውሃ ፈስሶ የታችኛውን ጎረቤት ጣሪያ አበላሸ። በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ስለነበር ሠራተኞቹ በመሰላል ገቡ። ነዋሪው፣ በቅርብ ያለው ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር፣ መጠጥ ጥሎት ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ተገኘ። የታችኛው ጎረቤት ቅጂ ጠየቀ። እሷ የመምህሩን ስም ሁለት ጊዜ ደጋግማ ሰረዘች፤ በአዲስ ብዕር፣ ምንም እንዳይታይ አድርጋ። "በአረንጓዴው በረንዳ በኩል ገብተን ነዋሪውን በመጠጥ ብዛት ራሱን ስቶ አገኘነው" የሚለውን ግን እንዳለ ተወችው። በዚያ ፎቅ ላይ አረንጓዴ በረንዳ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር።

በሳምንቱ አንድ ተማሪ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጠርሙስ ሣለ። መምህሩ ዝም ብሎ አጠፋው፤ በማግሥቱም ተሥሎ ጠበቀው። ከዚያ ዝውውር ጠየቀ። እሷ ወደ ሥራ ስትሄድ ዕቃው መኪና ላይ ሲጫን አየች፤ መምህሩ ራሱ የልብስ መተኮሻ በአንድ እጁ፣ ትራስ በብብቱ ይዞ ቆሟል። ማንም አልወቀሳትም። ኃላፊዋ እንኳ "ስሙን ሰርዘሻል እኮ፤ ከዚህ በላይ ምን ታደርጊ?" አላት። ያንገበገባት ይኼው ነው፤ ስሙን ብቻ መሰረዟ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ቅጂ ከመስጠቷ በፊት "እስቲ የጎረቤት ዐይን ላድርግ" ትልና እንደ ክፉ ጎረቤት ሆና ከላይ እስከ ታች ታነበዋለች። ክፉ ጎረቤት መሆን ስትለማመድ ፊቷ ይቀየራል፤ ያየ ሰው ይፈራል።

አሁን የምነግራችሁ ነገር የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ነው። አንዲት ጡረታ የወጡ ሴትዮ ግቢያቸው ውስጥ ያለውን የጓሮ ክፍል ከነኩሽናው ለአንዲት ልብስ ሰፊ አከራይተው ነበር። ልጅቱ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ የቁልፍ ማስገቢያ ቀዳዳ የሚሠራ ማሽን ላይ ትሠራለች። የጠዋት ፈረቃዋን ጨርሳ ድንች ልትጠብስ ዘይት ጣደች። ከዚያ በኋላ ያለውን እሷ አታስታውሰውም። ቱቦና ጓደኞቹ ሲደርሱ ዘይቱ ተቀጣጥሎ ቁም ሣጥኑንና ጣሪያውን ይዟል፤ ልጅቱ ወለሉ ላይ ወድቃለች፤ ቀኝ እጇ ተቃጥሏል፤ ምላሷን ነክሳ ከአፏ ጥግ ደም ወጥቷል። ቱቦ ስንት ዓመት ያየው ነገር ስለሆነ ወዲያው ገባው።

አምቡላንስ ውስጥ ስትነቃ ነገረችው። ከዐሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቷ አልቆባት ሁለት ቀን ሳትወስድ ቀርታለች። ባልተቃጠለው እጇ እጅጌውን ያዘችና፣ "ለማንም እንዳይነግሩብኝ" አለችው። "እሺ" አላት። ቱቦ ሲምል የሚዋሽ፣ እሺ ሲል ግን የማይዋሽ ዓይነት ሰው ነው። ለጓደኞቹ አልተናገረም፣ ለሚስቱም አልተናገረም። ጣቢያ ተመልሶ ሻዩን እየጠጣ ቅጹን ሞላ። መንስኤ በሚለው ሣጥን ውስጥ፣ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፉ፣ "ነዋሪዋ ዘይት እንደጣደች የሚጥል በሽታ ስለተነሣባት" ብሎ ጻፈ። ቃሉን ያጠፈ አልመሰለውም። ለቱቦ ቅጽ መሙላት መናገር አይደለም።

እትዬ ሰረዝ ረቡዕ ጠዋት አየችው፤ ካርቶኗን አነሣች፣ አስቀመጠች፣ ወጥታ ቱቦን ጠራችው።

"ይሄን እዚህ ምን አስጻፈህ?"

"መንስኤ አይደል የሚለው? መንስኤው እሱ ነው።"

"ይሄ እኮ ከካርቶኑ በላይ ነው።"

"ካርቶንሽን ከፍ አድርጊዋ።"

"ከፍ ካደረግኩት ሣጥኑ ባዶ ይሆናል። ባለቤትየዋ ባዶ ወረቀት አይቀበሉም፤ መብታቸው ነው።"

ቱቦ ራሱን አከከ። "እኔ ለማንም አልተናገርኩም" አለ። ሲናገር ፊቱ ቀልቶ ነበር።

ባለቤትየዋ ሐሙስ ከች አሉ። እሳቸውን አከራይዋ እያልን እንቀጥል። ስድሳ አምስት የሚሆናቸው፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ወንበሩ ከሥራቸው ሲወላገድ አላስተዋሉትም። ኩሽናቸው ከል መልበሱን፣ የኢንሹራንስ ሰዎች ያለ ሪፖርት እንደማያናግሯቸው፣ ልጅቱን ያመጣቻት የባላቸው እህት መሆኗን፣ እሷም ልጅቱ በምትሠራበት ድርጅት የፈረቃ ተቆጣጣሪ መሆኗን በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ። "እኔና እሷ የማንነጋገረው ነገር የለም" አሉ። እትዬ ሰረዝ ይህቺን ልብ አለቻት። ሰኞ እንዲመጡ ነግራ ሸኘቻቸው።

ሰኞ ድረስ ምን እንደምትጽፍ መወሰን ነበረባት። ኃላፊው "አልታወቀም ብለሽ ስጫትና ተገላገይ" አላት። ኃላፊው ሁልጊዜ መገላገል ይወዳል። "አልታወቀም" የተባለ እሳት ግን ፋይሉ በቀጥታ ለፖሊስ መርማሪ ይሄዳል፤ መርማሪው ደግሞ ጎረቤት ለጎረቤት እየዞረ ልጅቱ ማን ናት፣ ምን ዓይነት ሰው ናት፣ አሟት ያውቃል ወይ እያለ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ውሸት ነው፤ መንስኤው ታውቋል። የታወቀውን ከጻፈች አከራይዋ ያውቃሉ፣ አከራይዋ ካወቁ ተቆጣጣሪዋ ታውቃለች፣ ልጅቱም ከማሽኗ ትነሣለች። ሦስተኛ መንገድ ነበር። "በእሳት ላይ ያለ ጠባቂ የቀረ የምግብ ዘይት" ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ግን ያነበበ ሰው ሁሉ ልጅቱን ግዴለሽ ይላታል፤ ግዴለሽ ተከራይ ደግሞ ክፍሏን ትለቃለች።

ሐሙስን ስታሰላስል ዋለች። ዓርብ አንድ ነገር ገባት፦ ይህን የመምረጥ ሥልጣን የእሷ አይደለም። የማንን ሕመም ማን ሊደብቅ፣ የማንን ስም ማን ሊያጎድፍ? ስለዚህ በዐሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። ወረቀቷ ላይ ያለን ሰው ፊት ለማየት ሄደች። እስከዚያ ቀን ድረስ "ፊቱን ካየሁት መንገድ ላይ ሳገኘው ዐይኔ ይናገርብኛል" ትል ነበር።

በሆስፒታሉ የጠያቂ ሰዓት ገባች። ልጅቱ ከመስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ላይ ናት፤ ቀኝ እጇ እስከ ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ጎኗ ያሉት ታማሚ አሮጊት ተኝተው ያንኮራፋሉ።

"ከእሳት አደጋ ነው የመጣሁት። ወረቀቱን የምጽፈው እኔ ነኝ" አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ልጅቱ አሮጊቷን አየች፤ ከዚያ በሩን። "ጽፈውታል?"

"ከቅጹ ታች ስለ ሕመምሽ የተጻፈው እኔው ዘንድ ይቆያል፤ እሱ አያስጨንቅሽ። ችግሩ አከራይሽ የሚወስዱት ነው። እሳቱ በምን እንደተነሣ ማወቅ መብታቸው ነው።"

"ምን ብለው ሊሰጧቸው ነው?"

"ሁለት ነገር መጻፍ እችላለሁ፤ ሁለቱም እውነት ነው። አንደኛው ያመመሽን ይናገራል። ሁለተኛው፣ ዘይቱ እሳት ላይ እያለ የሚጠብቀው ሰው አልነበረም ይላል።"

"ሁለተኛውን ሲያነቡት ምን ይላሉ?"

"ግዴለሽ ናት ይላሉ።"

"ያስወጡኛል?"

"ሊያስወጡሽ ይችላሉ።"

"የመጀመሪያውንስ?"

"እሱን አላውቅም።"

"እኔ አውቃለሁ" አለች ልጅቱ። ከዚህ ክፍል በፊት ሁለት ክፍል ለቃለች። በአንደኛው ቤት ሳህኗንና ብርጭቋን ለይተው አስቀመጡላት፤ በሁለተኛው ደግሞ የቤቱ ልጆች ወደ በሯ እንዳይጠጉ ተከለከሉ። በፊት ትሠራበት የነበረው ድርጅት ከማሽን አንሥቷት ክር ያስጠርጋት ጀመር፤ ከዚያ ለጤናሽ ብለሽ ትንሽ ዕረፊ አሏት። "እስካሁን እያረፍኩላቸው ነው" አለች። ፈገግ ብላ ነው የተናገረችው፤ እትዬ ሰረዝ ግን አንጀቷን በላቻት።

"እናቴ፣ ሰው ከጠየቀሽ ራሴን አዞረኝ በይ ብላ ነው ያሳደገችኝ" ቀጠለች ልጅቱ። "ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ራሴን ያዞረኛል። ሌላ ሦስተኛ ነገር መጻፍ አይቻልም?"

"ፈልጌ አጣሁ።"

"እንግዲያው ግዴለሽ ይበሉኝ። ግዴለሽ ሰው ሌላ ቤት ያገኛል።"

"እስከ ሰኞ ጊዜ አለሽ፤ አስቢበት።"

"አሰብኩበት እኮ እትዬ።"

ለፋይሉ የሚሆን አጭር ወረቀት አስፈረመቻት። ቀኝ እጇ ስለታሰረ በግራዋ ፈረመች፤ አፏን አጣማ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቀስ እያለች። እትዬ ሰረዝ ወጥታ ደረጃው ላይ ጥቂት ቆመች። ከሰው ፊት የራቀ ሥራ የመረጠችበት ምክንያት ይህ እንደሆነ ያን ጊዜ በደንብ ገባት፤ ፊት ካዩ በኋላ ወረቀት ወረቀት አይሆንም።

የቀረው ቱቦን ማስፈረም ነበር። ሪፖርቱ የሱ ነውና ያለ ፊርማው አይወጣም። አዲሱን ሦስት ጊዜ አነበበው።

"ይሄ ልጅቱን ጥፋተኛ ያደርጋታል።"

"የቱ ቃል ነው ያልሆነ?"

ጣቱን እያንዳንዱ ቃል ላይ እያሳረፈ ሄደ። እሳት። ጠባቂ። የቀረ። ዘይት። "ሁሉም ልክ ነው" አለ በመጨረሻ፤ "ሲገጣጠም ነው ልክ ያልሆነው።"

"እሷ ናት የመረጠችው።"

ፈረመ። ብዕሩን ሲመልስላት "ከእንግዲህ መንስኤ በሚለው ውስጥ ጢስ ብቻ ነው የምጽፈው" አለ። የድሮው ቅጽ፣ የልጅቱ በግራ እጅ የተፈረመ ወረቀት ተያይዞበት፣ ሁለት ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ።

ሰኞ አከራይዋ በሰዓታቸው መጡ። መነጽራቸውን አጥልቀው ድምፅ እያሰሙ አነበቡ። "በእሳት ላይ... ያለ ጠባቂ የቀረ... የምግብ ዘይት።" መነጽሩን አወለቁት።

"ስልክ ነዋ" አሉ። "ስልክ ካልሆነ በቀን ብርሃን ዘይት ጥዶ ምን ያስረሳል?"

እትዬ ሰረዝ ማኅተም እያመቻቸች ነበር።

"እኔ ደግሞ አሟት ይሆናል ብዬ ነበር። ራሷን ስታ ነው ያወጧት ሲሉኝ ሆዴ ባባ" አሉ አከራይዋ፤ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብለውም፣ "እስቲ እውነቱን ንገሪኝ ልጄ፣ ሰው አይሰማንም። አሟት ነበር?"

ለዚህ ጥያቄ ዐሥራ ስድስት ዓመት የተጠቀመችበት መልስ ነበራት። "የሕመም ነገር ኖረም አልኖረም ከዚህ ቢሮ አይወጣም እትዬ።"

"ኖሮ ቢሆን ፊትሽ ይናገር ነበር" አሉ አከራይዋ፤ በቃ፣ አልነበረም ብለው ደመደሙ። "ይግረምሽ፣ ታናሽ ወንድሜ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ልጆች ሆነን አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው፤ እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ፣ ሲነሣበት እንድነቃ። በጎኑ አስተኛዋለሁ፣ የአንገቱን ቁልፍ እፈታለታለሁ፣ እስኪያልፍለት ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ። ሰው ሁሉ ሸሸው። የባሌ ቤተሰብ እንኳ አብሮን አይኑር ብለው ነበር፤ እሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ አልኳቸው። እስኪሞት እኔው ዘንድ ኖረ። ሻይ የሚያፈላልኝ እሱ ነበር፤ አንድም ቀን ቤት አላቃጠለም። ይቺ ጤነኛዋ አቃጠለችልኝ።"

እትዬ ሰረዝ ማኅተሙን እንደያዘች ቀረች።

"እንደሱ ታማ ቢሆንማ ወዴት አስወጣታለሁ?" አሉ አከራይዋ። "ኩሽናውንም እኔው አድሼ፣ እሷንም አስታምሜ..."

ሰው ባልተጠየቀው ነገር ሁሉ ቸር ነው፤ እኔም ይህን በሩቅ ብሰማው ባላመንኳቸው ነበር። ግን የአንገት ቁልፍ እፈታለሁ፣ ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ የሚል ሰው ነገሩን በእጁ የሠራው ሰው ነው። እትዬ ሰረዝም አመነቻቸው፤ ይኼ ነው የከፋባት። ከአፏ አንድ ቃል ብትወጣ የልጅቱ ክፍል ይተርፋል። አዎ ማለት ብቻ ነበር፤ ጭንቅላት መነቅነቅም ይበቃ ነበር። የዚያኑ ያህል ደግሞ ልጅቱ በግራ እጇ ስትፈርም ይታያታል። ይህ ምሥጢር የእሷ ቢሆን ያን ደቂቃ ትሰጣቸው ነበር። የእሷ አልነበረም።

"ሄደው ራሷን ይጠይቋት" አለች።

"ምኗን? ወረቀቱ ተናገረ እኮ።"

"ወረቀቱ ስለ እሳቱ ነው። ስለ እሷ ራሷን ይጠይቋት። በእርጋታ፣ ሰው በሌለበት።"

አከራይዋ እንደማይረባ ምክር ቆጥረውት ትከሻቸውን ሰበቁና ወጡ።

በሩ ከኋላቸው እንደተዘጋ ወደ ሆስፒታሉ ደወለች። ለልጅቱ ስለ ወንድምየው ልትነግራት አልነበረም፤ ያም የሰው ሕመም ነው። አከራይሽን አትፍሪያቸው፣ ከጠየቁሽ እውነቱን ንገሪያቸው ልትላት ነበር። ልጅቱ ጠዋት ከሆስፒታል ወጥታለች። የት እንዳረፈችና ስልኳን ስትጠይቅ ነርሷ "የታካሚ አድራሻ ለማንም አንሰጥም" አለቻት። እትዬ ሰረዝ "ልክ ነሽ" ብላ ዘጋች። ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ በእግሯ እስከ አከራይዋ ግቢ ሄደች። በሩ ላይ አከራይዋ ከአንዲት ቁልፍ ያንጠለጠለች ሴት ጋር ቆመው ይጨዋወታሉ፤ ሴትየዋ የለበሰችው የልብስ ስፌት ድርጅቱን ካፖርት ነው፤ ተቆጣጣሪዋ መሆኗ አልጠፋትም። የእሳት አደጋ ጸሐፊ ተከራይ ልትጠይቅ ስትገባ ያየ ሰው፣ ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል። መንገዱን ተሻግራ አለፈች።

ረቡዕ አከራይዋ እንደገና መጡ። ኢንሹራንሶቹ ሁለተኛ ቅጂ ፈልገዋል። ዛሬ ፊታቸው ለስለስ ብሏል፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"እንዳልሽኝ ጠየቅኳት" አሉ።

እትዬ ሰረዝ በሕይወቷ ባለጉዳይ ጠይቃ አታውቅም። "ምን አለች?" አለች።

"አስቀምጬ፣ ሻይ ሰጥቼ፣ ሰው በሌለበት። ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ የሆንሽው ነገር አለ ወይ አልኳት። ሻዩን አማሰለች። ሁለተኛ ስጠይቃት፣ ስልክ እያወራሁ ዘይቱን ረሳሁት፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለችኝ። ዐይኔን እያየች።"

"ስለ ወንድምዎ ነግረዋት ነበር?"

"ምን ብዬ? የእሱን ነገር ለማንም አላነሣውም። ላንቺም እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም።" ወረቀቱን ተቀብለው ማኅተሙ መድረቁን በጣታቸው ሞከሩ። "ቅዳሜ ትለቃለች። ምን ላድርግ? እንዲህ ያለ ሰው ቤት ውስጥ ማኖር ያስፈራል።"

በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"አንድ ነገር ግን ወድጄላታለሁ" አሉ። "ሌላው ቢሆን ስንት ሰበብ ይደረድር ነበር። እሷ አልዋሸችኝም።"